ስድስተኛዋ ጥይት

የሰው ነፍስ በእጄ ጠፍቷል ብዬ ብጀምር ውሸት ነው። እጄ የለበትም ብዬ ብጀምርም ውሸት ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው ላስቀምጥና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው። እኔማ በራሴ ላይ መፍረድ ከጀመርኩ ዓመታት አለፉ፣ አሁንም አልጨረስኩም።

ስሜ ሀዋ ነው። የተወለድኩት ወሎ ውስጥ፣ ከባቲ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ነው። አባቴ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው። አገሩ ሁሉ በእጁ ያምናል፤ ገበሬው ምንሽሩን፣ ግመል ነጂው ክላሹን፣ የድሮ ባላባት ልጅ የአባቱን ሽጉጥ ይዞ ደጃችን ይቀመጣል። ብረቱ ተጠግኖለት ሲሄድ ግን ከቤታችን ውሃ አይቀምስም። ቀጥቃጭ ነና! እኔም ትምህርት ቤት “የቀጥቃጭ ልጅ፣ ዓይኗ ይበላል” እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ጅዳ ለቤት ሠራተኛነት ስገባ፣ አርብ አርብ ሸረፊያ በሚባለው ሰፈር የሚገናኙት የአገሬ ልጆች “አባትሽ ምን ይሠራሉ?” ሲሉኝ “ያርሳል” እላለሁ። አባቴ በሬ ጠምዶ አያውቅም።

ወንድ ልጅ አልነበረውም። ግራ እግሩን ስለሚያነክስ ደግሞ ዕቃ የሚያቀብለው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ በልጅነቱ በቅሎ ረግጣው ነው ብሎ ነው የነገረን። እኔ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጬ ዘይትና ጨርቅ ሳቀብል፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ የመጣውን ብረት ሁሉ ፈትቼ መግጠም ቻልኩ።

ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ “ብረት እጅሽ ሲገባ መጀመሪያ አፉን ከሰው አዙሪ፤ ቀጥለሽ ባዶ አድርጊው፤ ወሬው ከዚያ በኋላ ይደርሳል” የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ሪቮልቨር ስለሚሉት፣ ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ስለሚይዘው ሽጉጥ። የድሮ ሥራ ከሆነ ስድስት ጎሬ ቢኖረውም አምስት ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ መዶሻው የሚያርፍበት ጎሬ ባዶ መሆን አለበት። ለምን ብትሉ፣ የድሮው መዶሻ አፍንጫው የሚተኛው ጥይቷ ቂጥ ላይ ነው። ወድቆ መዶሻው ከተመታ፣ ምላጩን ማንም ሳይነካው ይተኩሳል። አባቴ ይህን ለእኔ ነገረኝ እንጂ ለደንበኞቹ አይነግርም። አምስት አጉርሶ ይሰጣቸዋል፣ ለምን ሲሉት “ሙያ በልብ ነው” ብሎ ይስቃል።

ጅዳ ውስጥ የማስታምማቸው ሰው ባባ ሳልህ ይባላሉ። ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሚስታቸው ሞታለች። ልጃቸው ማጅድ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ፎቅ ላይ ይኖራል፣ እኔ ምድር ቤት እሳቸውን እጠብቃለሁ። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ጉልበታቸውን አሻለሁ፣ መስጊድ ሲሄዱ ጫማቸውን አጠልቅላቸዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግልፍ የሚሉ ሰው ግን ነበሩ፣ እኔም ያው ስለሆንኩ ተስማማን።

በገባሁ በሁለተኛው ወር አንሶላ ስቀይር ትራሳቸው ሥር እጄ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። አወጣሁት። እንግሊዝ ሠራሽ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ጥቁር ቀለሙ ከአፈሙዙ ጫፍ በእጅ ብዛት ነጥቷል፣ የእንጨት እጀታው ወዝ ጠግቧል። እጄ ሳላዘው ሠራ። አፉን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ ከበሮውን ከፈትኩ፣ ስድስቱንም ጥይት አራግፌ አንሶላው ላይ ደረደርኩ። ቀና ስል ባባ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

“ማን አስተማረሽ?” አሉኝ።

“አባቴ።”

“ወታደር ነው?”

ውሸቱ አፌ ላይ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። “አይ ባባ፣ መሣሪያ ጠጋኝ ነው።”

“ማሻ አላህ!” ብለው አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። “ይህ የአባቴ ነው። አባቴ ከሰው ሁሉ የሚያከብረው ብረት የሚጠግንለትን ሰው ነበር። ቡናውን መጀመሪያ ለእሱ ነበር የሚቀዳው።”

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። የአባቴ ሙያ ቡና የሚያስቀድም መሆኑን ለማወቅ ባሕር መሻገር ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ከሚሉት ሶላት ቀጥሎ ሽጉጡን ፈትቼ እጠርግላቸዋለሁ። ስመልስ አምስት አጎርሳለሁ፣ ስድስተኛዋን በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ቀን “ለምን አምስት?” አሉ። “የአባቴ ልማድ ነው” አልኳቸው። ለአባቴ ክብር ሲሉ ተቀበሉኝ፣ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። እኔም ሙያ በልብ ነው ብዬ አላስረዳሁም። አራት ዓመት እንዲሁ ቆየን።

አንድ ሐሙስ ሽጉጡን ጠርጌ ሳልጨርስ ማጅድ ቀይ ከፋይ የተነጠፈበት ሳጥን ይዞ ወረደ። በፈቃድ የገዛው አዲስ ሪቮልቨር ነው፤ እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ ላብም ዝገትም አይዘውም።

“ያባ፣ ያን አሮጌ ብረት ኻላስ፣ በቃ ይጣሉት” አለ እየሳቀ። “የዘመኑ ይኸውልዎት።”

“የዘመኑ!” አሉ ባባ። “የዘመኑ ነገር ከሱቅ ወጥቶ ቤት ሳይደርስ ነው የሚሰበረው። ይህች አጁዝ አንተንም ትቀብራለች።” አጁዝ ማለት አሮጊት ነው፤ ሽጉጣቸውን የሚጠሯት እንዲያ ነበር። “ካላመንክ ሀዋ ትፍረድ።”

“ሠራተኛዋ?” ማጅድ ከልቡ ሳቀ። “ስለ ድስት ይጠይቋት እንጂ!”

ደሜ ፈላ። እጄን በጨርቅ ጠርጌ ሁለቱንም ባዶ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስተኛኋቸው። የአዲሱን መዶሻ አንሥቼ ከበሮውን ነቀነቅኩት፤ ሊነቀል እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ይላወሳል። የአሮጌውን ነቀነቅኩት፤ ፍንክች አይልም። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያለውን ክፍተት በወረቀት ለካሁ፤ በአዲሱ ወረቀቱ ታጥፎ ያልፋል፣ በአሮጌው ነጠላውም የሚያልፈው ተጨናንቆ ነው። ምላጭ ሳብኩ፤ አዲሱ አሸዋ የገባበት ማጠፊያ ይመስል ይንገጫገጫል፣ አሮጌው ሳይታወቅ ተንሸራትቶ ይለቃል። ማጅድ መሳቁን ትቶ ያየኛል።

በአዲሱ ግን አንድ ነገር አየሁ። በመዶሻውና ጥይቷን በሚወጋው መርፌ መካከል አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ አለች። ታች ተደብቃ ትቀመጣለች፤ ምላጭ ሲሳብ ብቻ ብቅ ብላ የመዶሻውን ምት ለመርፌው ታቀብላለች። ምላጭ ካልተሳበ ሽጉጡ ቢወድቅ፣ ቢረገጥ፣ በድንጋይ ቢቀጠቀጥ አይተኩስም። ስድስት ቢጎርስ ምንም አይደለም። አባቴ እንዲህ ያለ ብረት እጁ ሲገባ “ይህን ያሰበው ሰውዬ ልጆች ይኖሩታል” ይል ነበር።

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር።

“እሺ፣ የድስት ሐኪሟ፣ ፍረጂ እንጂ!” አለ ማጅድ።

አፌ በሌላ ነገር ተሞላ። “አዲሱ መልኩ ያምራል” አልኩ። “ሥራው ግን የማሽን ነው፤ ማሽን ቆርጦ ገጥሞ ቀጥሎ ወዳለው ያልፋል። አሮጌውን ሰው ቁጭ ብሎ በሞረድ እየዳበሰ ነው የገጠመው። አሮጌው ይበልጣል።”

ባባ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። የማጅድ ፊት ቀላ። ከጠረጴዛው ላይ የአሮጌውን ጥይቶች በጣቱ ቆጠረ።

“አምስት? ስድስት ጎሬ ይዛ አምስት ነው የምትጎርሰው? አጁዟ ስድስተኛዋን መዋጥ ፈራች? የእኔዋ ስድስቱንም ትውጣለች!”

የባባ ሳቅ ቀጥ አለ። “ሀዋ፣ ስድስቱንም ሙያት” አሉኝ።

“ባባ፣ የአባቴ ልማድ...”

“የአባትሽን ልማድ አከብራለሁ። ዛሬ ግን ሙያት።”

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ አንባቢዎቼ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ “ከወደቀች ትተኩሳለች፣ አዲሱ ግን አይተኩስም” ማለት። ግን ይህን ካልኩ አዲሱ በዋናው ነገር ይበልጣል ማለት ነው። ባባ ይሸነፋሉ፣ ማጅድ ይስቃል፣ እኔም ወደ ድስቴ እመለሳለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀጥቃጭ ልጅነቴ ያኮራኝ ደቂቃ ነበርና ማበላሸት አልፈለግኩም። መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ስድስተኛዋን ከጨርቋ ፈታሁ፣ ከአምስቱ ጋር አጎረስኳት። ነገ አወጣታለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ማጅድ ግን በዚህ አልበቃውም። “የሠራተኛ ፍርድ አይያዝም” አለ። ባባም “እንግዲያው ነገ መካ ሄደን ወንድሜ ይፍረድ” አሉ። ታላቅ ወንድማቸው የድሮ ወታደር ናቸው፣ ዑተይቢያ በሚባለው ሰፈር ባለው የቤተሰቡ አሮጌ ቤት ነው የሚኖሩት። ሁለቱም ሽጉጦች እንዲሄዱ ተወሰነ።

አርብ ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ ባባ ለብሰው ጨርሰዋል። ሽጉጡ በሰፊው የቆዳ ቀበቷቸው ኪስ ውስጥ፣ ከነጭ ቀሚሳቸው ሥር ነው።

“ባባ፣ አንዴ ይስጡኝ፣ ልጥረግልዎት” አልኩ።

“ትናንት ጠረግሽው።”

“መካ ሐረም፣ የተቀደሰ ምድር ነው እኮ ባባ። በሐረም ምድር ብረት ይዞ መግባት ይሆናል?”

“ወንድሜ ቤት ነው የምሄደው፣ መስጊድ ይዤው አልገባ። ያላ፣ ከዘራዬን አቀብዪኝ።” ደስ ብሏቸው ነበር፤ ድል ሊያደርጉ የሚሄዱ ሰው ነበሩ።

ማጅድ ይነዳል፣ ባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ። የማጅድ ሽጉጥ ከነሳጥኑ ከጎኔ አለ። ከጅዳ መካ ሩቅ አይደለም፣ ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። ዓይኔ ከባባ ወገብ አልተነሣም። መኪናው በነጠረ ቁጥር ወደ ፊት ጎንበስ እላለሁ። አሁን ልንገራቸው እላለሁ፣ ማጅድ በመስታወቱ እያየኝ ፈገግ ይላል፣ ዝም እላለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። የእኔው ዝምታ ግን እዚያው መኪናው ውስጥ መንቀዝ ጀምሮ ነበር።

ዑተይቢያ መኪና የማያስገባ ጠባብ አቀበት አለ። ባባን ክንዳቸውን ይዤ ደረጃ በደረጃ አወጣኋቸው። በየደረጃው ቢስሚላህ እያልኩ ነበር፤ ስለ ጉልበታቸው የምጸልይ መስሏቸው “አይዞሽ ቢንቲ፣ ገና ጎረምሳ ነኝ” አሉኝ። ቢንቲ ልጄ ማለት ነው። ግቢው ስንደርስ አልሐምዱሊላህ ብዬ ተነፈስኩ። ማጅድ ሳጥኑን ይዞ አጎቱን ሊጠራ ወደ ላይ ወጣ። ፎቁ ላይ የዘመድ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ድምፃቸው ይሰማል። አንደኛ ፎቅ ሲደርሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ፤ በወንድማቸው ፊት፣ ማጅድ ቢስቅም ይሳቅ ብዬ።

የጁምዓ ሶላት ተቃርቦ ነበርና ባባ ውዱእ ላድርግ፣ ለሶላቱ ልታጠብ አሉ። ቧንቧው ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ ከሥሩ አንድ የድንጋይ ደፍ አለ። ከዘራቸውንና ፎጣቸውን ይዤ ቆምኩ። እግራቸውን ሊያጥቡ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጎንበስ ሲሉ ቀበቶው ዞረ። ሽጉጡ ሲንሸራተት አየሁት። ከዘራውን ጥዬ እጄን ዘረጋሁ። አልደረስኩበትም። በመዶሻው በኩል ድንጋዩ ላይ አረፈ።

የተኩሱ ድምፅ በጠባቡ ግቢ ውስጥ ጆሮዬን ዘጋው። ባባ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ፤ የደከማቸው ነበር የሚመስሉት። ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ ነጩ ቀሚስ ቀላ። ፎጣውን ቁስሉ ላይ አፍኜ ያዝኩላቸው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

“ሀዋ... ባዶ አድርጊያት። ልጆች አሉ።”

የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነበር። በአንድ እጄ ፎጣውን እንደያዝኩ በሌላው ሽጉጡን አነሣሁ፣ አፉን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ ከበሮውን ከፍቼ አምስቱን ጥይትና አንዱን ባዶ ቀለህ ጭኔ ላይ አራገፍኩ። ማጅድ ደረጃውን ሲወርድ ያየው ይህንን ነው፤ አባቱ በደም ተነክረው፣ ሠራተኛዋ ሽጉጥ በእጇ ይዛ።

አልመታኝም። ስሜን እንኳ አልጠራም። “ገደለቻቸው! ገደለቻቸው!” እያለ ጮኸ።

ባባ ሆስፒታል ደርሰው ዐስር ሶላት ሳይደርስ አረፉ። እኔን ፖሊስ ወሰደኝ።

አምስት ቀን ታሰርኩ። ቂሷስ የሚለውን ቃል ገና አገሬ ሳለሁ አውቀዋለሁ፤ ነፍስ ስለ ነፍስ፣ የሟች ልጅ ደም ከጠየቀ ሰይፍ ነው። ሽጉጡ ላይ ያለው አሻራ የእኔ፣ ጥይቶቹ ላይ ያለው የእኔ፣ ሰው ያየው እኔን። እንኳን ዳኛ፣ እኔም ብሆን በእኔ ላይ እፈርድ ነበር።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው ቢሮ አቀረቡኝ። ማጅድ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ጢሙን አልተላጨም። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱም ሽጉጦች አሉ፤ ለምስክርነት አዲሱንም ወስደውት ነበር። አንድ የመሣሪያ ክፍል ሳጅን ከጎናቸው ተቀምጧል። አስተርጓሚዋ ኑራ የምትባል ጅዳ ተወልዳ ያደገች ወሎዬ ናት፤ አማርኛዋ መሀል መንገድ ላይ ወደ ዓረብኛ ይታጠፋል።

“ሀዋ፣ ኢስመዒ” አለችኝ፣ ስሚኝ ማለቷ ነው። “ሙሐቂቁ... መርማሪው ይላል፣ ብረት ብቻውን አይተኩስም ይላል። ምላጩን ማን ሳበ ይላል።”

“ማንም አልሳበም። ወደቀ።”

መርማሪው ራሱን ነቀነቀ። ሳጅኑም “እኔ ያደግኩት በመሣሪያ ነው፣ የወደቀ ሁሉ ቢተኩስ ሰው አልቆ ነበር” አለ። እሱ ያደገው በአዲሶቹ ነው።

“እርሳስ አላችሁ?” አልኩ። “እኔ አልነካም፣ እሱ ይሥራው። መጀመሪያ አዲሱን ባዶ ያድርግና አፉን ወደ ላይ ያቁመው። እርሳሱን በአፈሙዙ ይክተተው፣ ጣቱን ከምላጩ ያርቅ። ከዚያ የተኛውን መዶሻ ከኋላ በአንድ ነገር ይምታው።”

አባቴ ይህን የሚያደርገው በሸንበቆ ቀሰም ነበር፤ ምቱ ጥይቷ ዘንድ የሚደርስ ከሆነ ቀሰሙ ይዘላል። ኑራ ተረጎመች። ሳጅኑ መርማሪውን አየ፤ መርማሪው ይሁን አለ። ሳጅኑ አዲሱን አቁሞ እርሳሱን ከተተ፣ መዶሻውን በማኅተሙ እጀታ መታው። ምንም የለም። ደግሞ መታው። እርሳሱ አልተነቃነቀም።

“አሁን አሮጌውን” አልኩ።

አሮጌውን ከፈተ፣ ባዶነቱን አየ፣ አቆመ፣ እርሳሱን ከተተ። መታው። እርሳሱ ከአፈሙዙ ተስፈንጥሮ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሳጅኑ እርሳሱን ለቅሞ እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተስፈነጠረ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር መርማሪው እጁን ያዘው።

“ይህን ከየት አወቅሽ?” አለኝ።

“የጠመንጃ ጠጋኝ ልጅ ነኝ” አልኩ። ኑራ በአማርኛ ያልኩትን ሰምታ ቀና ብላ አየችኝ፤ የወሎ ልጅ ናትና አገራችን ይህ ቃል ምን እንደሚያስከፍል ታውቃለች።

መርማሪው ብዙ ጻፈ። መዳኔ ነው አልኩ። ያኔ ብዕሩን አስቀምጦ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ። ዓረብኛውን ሰምቼዋለሁ። ኑራ ወዲያው አልተረጎመችም፤ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በጥርት ያለ አማርኛ፣ “እያወቅሽ ስድስተኛዋን ለምን ጨመርሽ ነው የሚልሽ። ያኔ አላውቅም ነበር በይ። እህቴ፣ አላውቅም ነበር በይ” አለችኝ።

ማጅድ ያየኛል። አላውቅም ነበር ብል አሁን ያሳየሁትን ከየት አመጣሁት? ግን አስቤው ከኋላ ገባኝ ማለት እችል ነበር። ያምኑኝም ነበር። የባባ ሳቅ፣ ከዘራቸው ወለሉን ሲመታ፣ ትዝ አለኝ። ለመዋሸት አቅም አጣሁ። በራሴ ዓረብኛ፣ በዚያ በወጥ ቤት ዓረብኛዬ መለስኩ።

“አውቅ ነበር። አራት ዓመት አምስት ነው ያጎረስኩት። ያን ቀን ግን አዲሱ በዚህ ይበልጣል ማለት አልፈለግኩም። ባባ እንዲያሸንፉ ፈለግኩ። እኔም ማሸነፍ ፈለግኩ።”

ኑራ ዓይኗን ጨፈነች። መርማሪው ወደ ማጅድ ዞረ። ማጅድ በሳጅኑ እጅ ያለውን እርሳስ አየ።

“አምስት ነበር?” አለኝ። “ሁልጊዜ?”

“ሁልጊዜ።”

“ስድስተኛዋን ፈራች ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ” አለ ለመርማሪው። “ጻፍ። ሙያት ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ። በእሷ ላይ ደም አልጠይቅም።” ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሁለታችን ነበርን የገደልናቸው፤ አንዳችን በሳቅ፣ አንዳችን በዝምታ።

ከእስር ተፈትቼ ወረቀቱ እስኪያልቅ ኩዳይ በሚባል የመካ ሰፈር፣ ሆቴል አንሶላ የምታጥብ የኑራ አክስት ዘንድ ቆየሁ። ከዚያ የመጨረሻ መውጫ ተመታልኝ፣ ወደ አገሬ መልስ የሌለው ቪዛ። ሻንጣዬን ያመጣልኝ ማጅድ ራሱ ነው። “አላህ መንገድሽን ያቅናው” አለኝ፤ አላየኝም። እኔም ይቅር በለኝ ልለው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። ዛሬም ድረስ ካልተናገርኳቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ዱካው ላይ ተቀምጦ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። እርጅና ጎድቶታል። ስጨርስ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን የግራ እግሩን ሱሪ ወደ ላይ ሰበሰበ። ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ክብ ጠባሳ አለ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ፣ ሰፋ ያለ።

“በቅሎ አይደለችም” አለኝ።

“ታዲያ?”

“አንቺ እንደነገርሽኝ ያለ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ነው። ከጠረጴዛ ወደቀብኝ። ጠጋኙ በገዛ ብረቱ ተመታ እንዳይሉኝ በቅሎ አልኩ።” ሱሪውን መለሰና ዓይኑን ጠረገ። “አምስት ማጉረስ አስተማርኩሽ። አፍ አውጥቶ መናገርን ግን አላስተማርኩሽም። ሙያ በልብ ነው አልኩሽ። ልጄ፣ ይህ ሙያ በልብ መሆን አልነበረበትም።”

አባትና ልጅ አብረን አለቀስን። እሱ ለስሙ ሲል የደበቀው፣ እኔ ለኩራቴ ስል የደበቅኩት አንድ ነገር ነበር። በዚህ መካከል ለእኛ ብጤ ቡና ያስቀድም የነበረ ቤት አንድ ሽማግሌ ሞተበት።

እናንተም ስለ ሥራችሁ የምታውቁት፣ ሌላው ሰው ግን የማያውቀው አንድ አደጋ ይኖራል። ሐኪም ብትሆኑ፣ ሹፌር ብትሆኑ፣ ግንበኛ ብትሆኑ። ሰው እየሳቀባችሁም ቢሆን ተናገሩት። ያፈቀራችሁት ነገር ጉድለት ካለበት ጉድለቱን መጀመሪያ የምታወሩት እናንተ ሁኑ። እኔ የምወደውን ብረት ነውሩን ሸፍኜ አመሰገንኩ፣ ምስጋናዬም ሰው ገደለ።

ዛሬ የአባቴ ዱካ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ የእሱ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከገበያ የሚመጡ ወንዶች ሴት ብረት ስትፈታ አይተው ይሳሳቃሉ፣ ቀጥቃጭ ናት ይባባላሉ። ይበሉ። የአያቱን ስድስት ጎራሽ ያመጣ ሁሉ ያው አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ “ካዲሱና ካሮጌው የቱ ይበልጣል?” አሮጌው በአገጣጠም ይበልጣል፣ አዲሱ ሰው ባለመግደል ይበልጣል እላለሁ። ከዚያ ከበሮውን ከፍቼ ስድስተኛዋን አወጣና መዳፉ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ለምን እንደሆነም፣ ባባ ሳልህን ስማቸውን ጠርቼ፣ ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ።